ዶኛ ኤልቪራ መቆጣት ስትማር

የሞቷን ዜና የነገረችኝ ጫልቱ ናት። ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ባለው ፋብሪካ አንድ መስመር ላይ አብረን እንሠራለን፤ የምንመላለሰውም በእሷ መኪና ነው። ማለዳ ከምኖርበት ከፊሊፕስ ሰፈር ልትወስደኝ መጥታ፣ ገና ቀበቶዬን ሳላስር ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው።

«ሰዒድ፣ እስቲ ይቺን እያት። ያቺ የኛ ሜክሲካኗ አይደለችም? ልጇ ፌስቡክ ላይ ፖስት አድርጋለች። ከሞተች አንድ ሳምንት ሆኗታል እኮ!»

ፎቶው የእሷ ነው። ዙሪያውን ነጭ አበባ አድርገውበታል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው፣ ዝምተኛዋና ገራገሯ እናታችን ዶኛ ኤልቪራ በሰላም አርፋለች።»

«ዝምተኛ?» አለች ጫልቱ መኪናውን እያስነሳች። «ያንን ሱፐርቫይዘር ባዝሩም ገብቶ እንዲደበቅ ያደረገችው ሴትዮ?»

ለወትሮው የሰው ሞት ስሰማ አፌ ላይ የሚቀድመው ኢናሊላህ ነው። ያን ቀን የቀደመው ንዴት ነበር። ውሸታሞች! አልኩ ጮክ ብዬ። ሴትዮዋ ሞተች፤ ይሁን፣ ሁላችንም ሟች ነን። ግን በእሷ ቦታ ሌላ ሴት ፈጥሮ መቅበር ምን የሚሉት ነገር ነው? ፋብሪካው በር እስክንደርስ ድረስ ስሳደብ ነበር።

ዶኛ ኤልቪራ በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ቁጡዋ ነበረች። ይህን የምለው ለነቀፌታ አይደለም። «ዶኛ» በእነሱ ዘንድ እንደኛ «እትዬ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ስለምትችል በወጉ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። ግን አምስት ዓመት ሙሉ አብሮኝ ምሳ የበላን ሰው፣ ያውም ሳይጠይቅ ቃሪያዬን ከሳህኔ እያነሳ የበላን ሰው፣ አንቱ ማለት አይመጣልኝም።

ሥራችን ለቀዶ ሕክምና የሚሆኑ ዕቃዎችን ትሪ ላይ ደርድሮ ማሸግ ነው። ይሄን ያህል መቀስ፣ ይሄን ያህል ጨርቅ፣ በተሰጠን ሥዕል መሠረት። ጓንት ሳያጠልቁ፣ ፀጉር በመረብ ሳይሸፍኑ መስመሩ ላይ መቆም አይፈቀድም። ዶኛ ኤልቪራ ልትቆጣ ስትል መጀመሪያ ጓንቷን ታወልቃለች። የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን፣ አጣጥፋ ኪሷ ትከታቸዋለች። ከዚያ ነው ጣቷ የሚነሳው። ለምን እንደምታወልቅ ብጠይቃት «በጓንት የተቆጡት ቁጣ ሰው አይነካም» አለችኝ። መስመሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንዱ ጓንት ሲወልቅ ወሬውን አቁሞ ማን ላይ ነው ብሎ ይጠብቅ ነበር።

እኔ ላይ የወለቀው በገባሁ በወሩ ነው። ሱፐርቫይዘሩ በጣም ብዙ ትሪ መቀስ ጎድሎታል ብሎ እኔ ላይ ጮኸ። ትሪዎቹ የእኔ አልነበሩም። አውቄዋለሁ፣ ግን አዲስ ሰው ነኝ፣ አቀረቀርኩ። ዶኛ ኤልቪራ ጓንቷን አውልቃ መሃላችን ገባች። በስፓኒሽ ያወረደችበትን ነገር ሰውየው አንዱንም አላወቀውም፤ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቆለፈ። ተረፍኩ ብዬ ሳስብ ወደ እኔ ዞረች። የእኔ ባሰ። ለምን እንደተቆጣችኝ ለማወቅ ስፓኒሽ አላስፈለገኝም። አገጬን በጣቷ ይዛ ቀና አደረገችው፣ ዓይኔን እያየች ተቆጥታ ጨረሰች፣ ጓንቷን መልሳ አጥልቃ ወደ መቀሶቿ ተመለሰች። እንደዚያ የተቆጣኝ ሰው ከእናቴ ሌላ አልነበረም፤ ያን ቀን አገሬ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያለኝ መሰለኝ።

አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖራ እንግሊዝኛዋ ከፋብሪካው ደጅ አያልፍም ነበር። የእኔም ስፓኒሽ የፋብሪካ ስፓኒሽ ነው። በሁለቱ ስብርባሪና በእጃችን ግን እንግባባለን። የቤቷን ነገር ያጫወተችኝ እንደዚያ ነው። አንድ ልጅ አለቻት፣ ማሪቤል ትባላለች፣ ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። የልጅ ልጇ ኪምበርሊ ናት፤ እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሦስቱ አንድ ቤት ይኖራሉ። ልጅቷ ስፓኒሽ አታውቅም። የማታውቀው ደግሞ እናትየዋ ስላልፈለገች ነው፤ ገና ሕፃን ሳለች ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ እንድታድግ ወሰነች። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቃል መለዋወጥ ሲያምራቸው በማሪቤል በኩል ማለፍ ነበረባቸው።

አንድ ጊዜ የኪምበርሊ ትምህርት ቤት አያቶችን ጋበዘ። ዶኛ ኤልቪራ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ ወይን ጠጅ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አሠርታ ሄደች። አንዲት የክፍል ጓደኛ መጥታ ይህች ማን ናት ብላ ጠየቀች። ኪምበርሊ «ቤቢሲተሬ ናት» አለች።

ቤቢሲተር የሚለውን ቃል ዶኛ ኤልቪራ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ፋብሪካ ከመግባቷ በፊት ስድስት ዓመት የሰው ልጅ አሳድጋበታለች። ልጅቷን ጓደኞቿ ፊት ማሳፈር አልፈለገችም፤ ዋጥ አድርጋ ኬኳን በልታ ወጣች። ቤት ገብተው እራት ሲቀርብ ግን ማሪቤልን ይህን ንገሪያት ብላ ጀመረች። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ተናገረች። ማሪቤል ወደ ልጇ ዞራ ሁለት ሦስት ቃል ጣል አደረገች። ልጅቷ ፈገግ ብላ ተነስታ አያቷን ሳመቻት።

«ፈገግ አለች!» አለችኝ ዶኛ ኤልቪራ በማግስቱ፣ የምሳውን ጠረጴዛ በመዳፏ እየመታች። «ማኤስትሮ፣ ቁጣ የደረሰው ሰው ፈገግ ይላል?»

ማኤስትሮ መምህር ማለት ነው። ኮምቦልቻ ሳለሁ እንግሊዝኛ አስተምር እንደነበር ከነገርኳት ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ። በዚያው ቀን እንግሊዝኛ አስተምረኝ አለች። እኔም ደግ መሆኔ ነው፣ «አዎ፣ እንደምትወጃት በራስሽ አፍ ንገሪያት» አልኳት።

በንቀት አየችኝ። «ለመውደድ ቋንቋ ምን ያደርግልኛል? ፀጉሯን እሠራለሁ፣ ሾርባዋን እሠራለሁ፣ ከቤት ስትወጣ ግንባሯ ላይ አማትባለሁ። እሱ ገብቷታል። እኔ የምፈልገው መቆጣት ነው። ልጄ መሃል ገብታ ቁጣዬን ትጥልብኛለች። ይህች ልጅ እኔ ማን እንደሆንኩ አታውቅም፣ ሳታውቅ ልትቀብረኝ ነው።»

ትምህርቱን የጀመርኩት እንደለመድኩት ነው። ሃው አር ዩ፣ አይ አም ፋይን። «ፋይን አይደለሁም፣ ቀጥል» አለች። የአየር ሁኔታ፣ አታስፈልገኝም። የቤት ዕቃ ስም፣ ዕቃ አልቆጣም። ለካ መምህር ተብዬ ሰው እንዴት በእንግሊዝኛ እንደሚቆጣ አላውቅም፤ የተማርኩባቸው መጽሐፎች ውስጥ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ቁጣ በሙሉ የእናቴ ነው። ምን ላድርግ፣ እሱን ተረጎምኩት። «በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁሽ ለዚህ ነው?» «ሰው ፊት የካድሽኝ እኔ ሰው አይደለሁም?» «ዓይኔ እያየ የምትንቂኝ ማን አለኝ ብለሽ ነው?» እኔ እንደምጠራው አድርጋ ትጠራዋለች፣ አሮጌ የትሪ ሥዕል ጀርባ ላይ በራሷ ፊደል ትጽፈዋለች፣ ማሽኑ ሲጮህ ጠብቃ ትለማመደዋለች።

ጫልቱ ጠረጴዛው ላይ በሳቅ ትሞት ነበር። «ወላሂ ሰዒድ፣ ይሄ ኢንግሊሽ አይደለም። ወሎን ነው የምታስተምራት! ልጅቷ ሰምታ ፖሊስ ኮል እንዳታደርግ።»

አንድ ክረምት እንደዚህ አለፈ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ማሪቤል ሌክ ስትሪት ገበያ በሄደችበት እሑድ፣ ዶኛ ኤልቪራ ልጅቷን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ጀመረች። ሰኞ ጠዋት ስትነግረኝ ቁጭ ብድግ እያለች ነው። ኪምበርሊ መጀመሪያ ሳቀች አሉ፤ ግራንማ ልክ እንደ ኢትዮጵያዊ ታክሲ ሹፌር ነው የምታወሪው አለቻት። ዶኛ ኤልቪራ ቀጠለች። በጀርባዬ አዝዬ የሚለው ጋ ስትደርስ ልጅቷ ሳቋን አቁማ «አዝለሽኝ አታውቂም» አለች።

ለዚህ መልስ አላስተማርኳትም። እኔ እኮ የእናቴን ቁጣ ነው የሰጠኋት፣ እንደኛ እንደሚያዝሉ እንኳ አላውቅም ነበር። ዶኛ ኤልቪራ ተነስታ መሳቢያ ከፈተች፣ ሬቦዞ የሚሉትን ረጅም የጥጥ ልብስ አወጣች፣ የሶፋውን ትራስ ጀርባዋ ላይ አስራ ሳሎኑን ዞረች። ሁለት ዓመት አለች በጣቷ። ማሪቤል ቀን ስትማር፣ ማታ ስትሠራ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ልጅቷ ይህን ማንም ነግሯት አያውቅም። አልቅሳ የምታቅፋት መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ተናደደች። ለምንድን ነው በዚህ ቤት ለእኔ ምንም የማይነገረኝ ብላ ጮኸች። አያትየው መልሳ ጮኸች። ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ተጨቃጨቁ።

«መለሰችልኝ!» አለችኝ ዶኛ ኤልቪራ። «ማኤስትሮ፣ በር ደበደበችብኝ! ሰደበችኝ!» ሰው እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አዲስ ቁጣ ታዘኛለች፤ ስለ ስልክ፣ ስለ ተቀደደ ሱሪ፣ ሳይበላ ስለሚጣል ምግብ። ልጅቷም በጭቅጭቁ መሃል ቃሏን ታርምላት ጀመር። አርማት ደግሞ ትመልስላታለች።

ማሪቤል አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ፋብሪካው ፓርኪንግ ድረስ መጣች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። «እናቴን ስድብ የምታስተምራት አንተ ነህ?» አለች። ልጄ ቤት ውስጥ መጮህ ለምዳለች፣ የማን ቋንቋ እንደሆነ የማላውቀው ነገር ነው የሚወራው አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረድ አለ። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ለእናቷ የምታስተረጉመው እሷ እንደነበረች ነገረችኝ። ቤት አከራይ ቢሮ፣ ክሊኒክ፣ መሥሪያ ቤት፤ እናቷ ትጮሃለች፣ እሷ ያንን ጩኸት በልጅ አፏ ለትልልቅ ሰዎች ታደርሳለች፣ ትልልቆቹ ደግሞ የሚጮሁት እሷ ላይ ነው። «ቶሎ ነው የተማርኩት» አለች። «እናቴ እናመሰግናለን ትላለች እላቸው ነበር። ልጄ ይሄን እንድትሸከም አልፈልግም።»

አሁን ሳስበው እውነቷን ነበር። ያኔ ግን አልሰማኋትም፣ ልሰማትም አልፈለግሁም። «ልጅሽን አያት ነው የነሳሻት» ብዬ ጫልቱ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ይህን የምለው እኔ ደግሞ ማነኝ? እናቴ ከኮምቦልቻ ስትደውል ልጄን አገናኛታለሁ። «ይሄ ልጅ ምነው እንደ ሩቅ ሰው ሰላም ብሎኝ ይሮጣል? ጥጋብ ነው? አዝኜበታለሁ፣ ንገረው እንዲህ ብለህ» ትለኛለች። እኔ ወደ ልጄ ዞሬ «ግራንማ ናፍቀኸኛል ነው የምትለው» እላለሁ። «ቴል ሀር አይ ላቭ ሀር» ብሎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ስንት ዓመት እንደዚህ ሳደርግ ኖሬ ነው በማሪቤል የፈረድኩት።

ከሁለት ዓመት በፊት የዶኛ ኤልቪራ ልብ ደከመ። ትንሽ ስትቆም እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሥራ ባቆመችበት ቀን ምሳችንን አብረን በላን፤ ቃሪያዬን አልነካችውም። «እሑድ እሑድ እቤት ና» አለችኝ። «ለዚያች ልጅ የምነግራት ገና ብዙ አለኝ፣ ቃሉ ግን የለኝም።» እመጣለሁ አልኩ። አላህን ጠርቼ ነው እመጣለሁ ያልኩት።

በመጀመሪያው እሑድ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ማሪቤል በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ተኝታለች አለችኝ። ሐኪሙ መናደድ የለባትም ብሏል፣ ኪምበርሊንም አያትሽን እንዳታናድጂ ብያታለሁ፣ ይቅርታ ሚስተር። ብርቱካኑን ተቀበለችኝና ዘጋችው። ደረጃውን ስወርድ ደሜ ፈልቶ ነበር። በነጋታው ጠዋት ለጫልቱ ነገርኳት፣ ረገምኩ። ከዚያም ባስታወስኩ ቁጥር ረገምኩ። ሁለት ዓመት።

ሜክሲካኖች ሰው ሲሞትባቸው ዘጠኝ ቀን ይጸልያሉ፤ በዘጠነኛው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይበላል። ከጫልቱ ጋር የሄድነው በዚያ ቀን ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። እውነቱን ልናገርና ለቅሶ ልደርስ ሳይሆን ልጣላ ነው የሄድኩት። ጫልቱ ነቅታብኛለች። «ሰዒድ፣ ለቅሶ ቤት ነው። ፕሊስ ቢሄቭ አድርግ» አለችኝ ጫማችንን በር ላይ እየጠረግን። ጸሎቱ ሲያልቅ ማሪቤል ቆማ በሁለት ቋንቋ አመሰገነች። እናቴ ማንንም አስቀይማ አታውቅም፣ የመጨረሻ ጊዜዋ ሰላም የሰፈነበት ነበር አለች። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ብቆይ አፌን እንደማልይዝ ስላወቅሁ ተነስቼ በጓሮ በር ወጣሁ።

ከኋላዬ አንዲት ቁመተ ረጅም ልጅ ተከትላኝ ወጣች። በአካል አይቻት አላውቅም፣ ግንባሯ ግን የዶኛ ኤልቪራ ነው።

«ማኤስትሮ አንተ ነህ?»

«ነኝ። ኪምበርሊ፣ አላህ ያጽናሽ…»

«የት ነበርክ?»

ዓይኔን ወደ ጓሮው በር መለስኩ።

«እሑድ እሑድ ጠዋት ልብሷን ቀይራ ሳሎን ትቀመጣለች» አለች። «የሆነ ነገር ልትነግረኝ ትጀምራለች፣ ቃሉ ያጥራታል። ማኤስትሮ ሲመጣ እነግርሻለሁ ትለኛለች። ማሚን ተርጉሚልን አልላትም፣ አያቴም አትፈልግም። በየሳምንቱ ማኤስትሮ ሲመጣ። እኔም እንዳላናድዳት ተብያለሁ፣ ብትሞትብኝስ ብዬ ፈራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈገግ ስንባባል ኖርን። መቆጣቷን ስትተው እኔን የተወችኝ መሰለኝ። ምን ልትነግረኝ ነበር? ታውቀዋለህ?»

«አላውቅም።»

«ማንም አያውቅም! አሁን ማን ይነግረኛል?»

«መጥቼ ነበር እኮ፣ እናትሽ በሩ ላይ…»

«እናቴን ተዋት! የእናቴን እኔ ከእናቴ ጋር እጨርሰዋለሁ። አንተ ስንት ጊዜ መጣህ?»

ሁለት ዓመት ስረግም የኖርኩት ሰውዬ ይህችን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቤታቸው ከቤቴ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

«አንድ ጊዜ» አልኩ።

ፊቷ ቀላ። ድምፅዋ እስከ ጎረቤት አጥር ደረሰ። አንድ ጊዜ! አለች፤ አንድ ጊዜ በር ሲዘጋብህ ሄድክ? መስኮት የለም? ስልክ የለም? የእኔን ትምህርት ቤት አታውቀውም? እኔ ልጅ ነኝ፣ እናቴን ፈርቼ ነው፣ እሺ። አንተ ትልቅ ሰው ማንን ፈራህ?

ጩኸቱን ሰምታ ማሪቤል በሩን ከፈተች። ከኋላዋ የእንግዶቹ ፊት ይታያል። እኔን አየች፣ ልጇን አየች፣ ያንን ለስላሳ ድምፅዋን ይዛ መጣች።

«ኪም፣ ማር፣ በቃሽ። እንግዳ ነው። አዝና ነው፣ ሚስተር፣ ልትል የፈለገችው…»

«አትተርጉሚልኝ» አልኳት። «ተያት፣ ትጨርስ።»

ማሪቤል እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ኪምበርሊ ትንፋሽ ወሰደችና ከቆመችበት ቀጠለች።